የእትዬ የሺ ሦስት ሬዲዮዎች

የእትዬ የሺን ማረፍ የነገሩኝ ጋሽ ሁሴን ናቸው። ጋሽ ሁሴን የእሳት አደጋ መኪናችን ሾፌር ነበሩ፤ ዛሬ ጡረታ ወጥተው ሳሪስ አቦ ወንድማቸው ሱቅ ውስጥ ይውላሉ። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ፣ «የሺ ትናንት አረፈች። ቀብሯ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው። ድንኳኑ ቱሉ ዲምቱ፣ ልጇ ቤት። ድገምልኝ» አሉኝ።

እንደ ድሮው ደገምኩላቸው። «እትዬ የሺ ትናንት አረፉ። ቀብራቸው ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው። ድንኳኑ ቱሉ ዲምቱ፣ ልጃቸው ቤት።»

«ልክ ነው» ብለው ዘጉት።

ከዚያ መሥሪያ ቤት የወጣን ሰዎች ሁላችንም እንዲህ ነን። መልእክት ስንቀበል ቃል በቃል መልሰን እንደግማለን፣ የላከው ሰው «ልክ ነው» ካላለ አንላቀቅም። ያስለመዱን እትዬ የሺ ናቸው። ይህን እያሰብኩ ቀብሩ ሳልሄድ ቀረሁ። ሥራ ይዞኝ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። እሳቸውን መፍራት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል፣ ፍርሃቱ በሞቱ ጊዜም አልተወኝም።

አቃቂ ቃሊቲ በነበረ አንድ የአደጋ ጥሪ መቀበያ ክፍል ነበር የምንሠራው። ሚሊኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፣ ግምገማ እንደ ገበያ ቀን በማይቀርበት ጊዜ። ክፍሏ ጠባብ ናት። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሬዲዮ ተደርድሯል። አንዱ የእኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መስመር ነው። ሁለተኛው ፖሊሶቹ በትውስት የሰጡን የእጅ ሬዲዮ ነው፣ ሦስተኛው የአምቡላንሶቹ። ሦስቱም የሚሠሩት በተለያየ ሞገድ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይሰማም። የእኛ አዛዥና የፖሊሱ አዛዥ ከአንድ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ቆመው በሬዲዮ ሊነጋገሩ ቢፈልጉ፣ ቃላቸው በእትዬ የሺ አፍ ማለፍ ነበረበት።

እትዬ የሺ ያኔ ሃምሳን ተሻግረዋል። ጠይም፣ አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ። እርሳሳቸውን ደግሞ በሲባጎ ከጠረጴዛው እግር ጋር አስረውታል፤ «እዚህ ቤት እግር የሌለው ነገር ነው ቶሎ የሚሄደው» ይሉ ነበር። አባታቸው አቃቂ ባቡር ጣቢያ የስልክ ሠራተኛ ስለነበሩ ሥራውን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ሐዲዱ አንድ ነው፣ የሚመጣውም የሚሄደውም ባቡር በዚያው ያልፋል። አንዱ ጣቢያ ለሌላው «ባቡሩ ለቋል» ሲል፣ ተቀባዩ ቃሉን መልሶ መድገም አለበት። «አባቴ አንዲት ቃል ቢውጥ ሁለት ባቡር ይሳሳሙ ነበር» ይሉናል፣ እየሳቁ። እሳቸው ግን ቃል አይውጡም፣ ቃልም አይጨምሩም።

«እሺ» የሚባል ነገር በክፍላቸው ክልክል ነበር። «እሺ ማለት ሰማሁ ማለት አይደለም፣ ሂድልኝ ማለት ነው» ይሉ ነበር። ያስተላለፉት መልእክት ካልተደገመላቸው እንደተላከ አይቆጥሩትም። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ የፖሊስ አዛዥ በሬዲዮ፣ «እሺ፣ እሺ፣ ገብቶኛል» ሲሏቸው፣ «ጌታዬ፣ የገባዎትን ይንገሩኝ» ብለው ሰውዬውን እንደ ተማሪ አስደግመዋቸዋል። ሻይ የምታመጣልን ልጅ ሳትቀር «ሁለት ሻይ፣ አንዱ ያለ ስኳር» ብላ ሳትደግም ከበሩ አትወጣም። ታክሲ ላይ «አቦ ጋ ወራጅ» ብለው ወያላው ደግሞ እስኪናገር በሩን ይዘው ይጠብቁ ነበር። ከኋላቸው «እትዬ ድገም» እያልን እንስቅባቸዋለን። የበለጠ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

እኔ ያኔ ሃያ አምስት ዓመት የሆነኝ፣ ዲፕሎማዬ ገና ያልቆሸሸ የሬዲዮ ቴክኒሻን ነኝ። ሁለት ሬዲዮ በሁለት እጅ ይዞ መጮህ ኋላ ቀርነት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን አፌን ያዘጋኝ ነገር አየሁ። ቃሊቲ አውራ ጎዳና ላይ የነዳጅ ቦቴ ተገለበጠ። የእኛ አዛዥና የፖሊሱ አዛዥ ስለ መንገድ መዝጋት መነጋገር ነበረባቸው፣ ነገሩ በመልእክት የሚያልቅ አልነበረም። እትዬ የሺ ሁለቱን ሬዲዮ አነሱና የአንዱን ድምፅ ማውጫ ከሌላው አፍ ጋር ገጠሙት። አንዱ ተናግሮ ሲያበቃ ሬዲዮዎቹን ያገላብጣሉ፣ ቁልፉን ይጫናሉ፣ ሌላው ይቀጥላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ክንዳቸውን እንዳነሱ ቆዩ። ላግዝዎ ብላቸው «አንተ ሳታገላብጥ ትናገራለህ፣ ተወው» አሉኝ። ሲያበቁ ክንዳቸው ዝሎ ሻዩን ማንሳት አቅቷቸው አጎንብሰው ከጠረጴዛው ላይ ፉት አሉት።

አዲስ ሬዲዮ እንዲገዛ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩትም እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር። በመጨረሻ መጣ፤ ባለ ብዙ ሞገድ ነው፣ የእኛንም፣ የፖሊሱንም፣ የአምቡላንሱንም መስመር በአንድ ሳጥን ይዟል። ሥልጠናውን የወሰድኩት እኔ ስለሆንኩ በሞዴል ሃያ ሁለት ፈርሜ የተረከብኩትም እኔ ነኝ። መስመሮቹን ሞላሁበት፣ ባትሪውን ቻርጅ አደረግኩ፣ ሞከርኩት፣ ይሠራል። እትዬ የሺ መነጽራቸውን ሰክተው ዙሪያውን አዩት፣ ግን አልነኩትም።

«በአንድ አፍ ሦስቱንም?» አሉኝ።

«ከፈለጉ ሁለቱን አገናኝቶ እርስ በርስ ያነጋግራቸዋል።»

«ተመስገን። ክንዴ ሊያርፍ ነው» አሉ።

ኃላፊያችን ግን ሬዲዮው በእንግዶች ፊት እንዲመረቅ ወሰኑ። ምረቃው ሰኞ ነው፤ እስከዚያ ፕላስቲኩ እንዳይነሳ፣ ማንም እንዳይነካው አሉ። እኔም ካርቶኑ ውስጥ መልሼ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አገራችን ላይ አዲስ ዕቃ እንዲህ ነው የሚከበረው። እናቴም ቤት ውስጥ ፕላስቲኩ ሳይነሳ ያረጀ ሶፋ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ዝናቡ መጣ። ነሐሴ ነው፣ ከላይም ሲዘንብ ሰንብቷል፣ የአቃቂ ወንዝ ከመሬት ጋር እኩል ሆነ። መብራት ጠፋ፣ መብራት ሲጠፋ የሞባይሉም ኔትወርክ ተከትሎ ሄደ። የቢሮው ስልክ ዝናብ ሲነካው የሚያንኮራፋ ነው፣ ያን ቀን ማንኮራፋቱንም ተወው። የእኛ መስመር በመኪና ባትሪ ስለሚሠራ ደህና ነበር። የፖሊሱ የእጅ ሬዲዮ ግን ያረጀ ባትሪ ነበረው። ሁለት ጊዜ ጢጥ ጢጥ ብሎ ጠፋ፤ የአምቡላንሶቹም ቀድሞት ጠፍቷል።

ወዲያው ጋሽ ሁሴን ከወንዙ ዳር ጠሩን። ድምፃቸው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። «የሺ፣ ለፖሊስ እንዲህ ብለሽ አስተላልፊ። እናንተ ባላችሁበት በኩል፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ የአትክልት ጠባቂ ጎጆ ቆርቆሮ ላይ ሰው አለ። ከእኛ ይርቃል፣ ለእናንተ ቅርብ ነው። ገመድ ይዛችሁ ውረዱ።» ፖሊሶቹ ማዶ ናቸው፣ ገመድም አላቸው። ባሕር ዛፉ ስለጋረዳቸው ሰውየውን አያዩትም። የጎደለው ያቺ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

እትዬ የሺ ቃል በቃል ደገሙላቸው። ከዚያ የሞተውን ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ታምራት፣ ቁልፉን።»

«እትዬ፣ ሰኞ ነው እኮ የሚመረቀው።»

«ሰው ቆርቆሮ ላይ ነው።»

«ፕላስቲኩ ከተነሳ ምን እላለሁ? በስሜ ነው የወጣው። ትንሽ ይጠብቁ፣ ኃላፊው ይምጡና እናስፈቅዳለን።»

ኃላፊው ለእንግዶቹ ጥሪ ሊያደርሱ ከተማ ወጥተዋል። በዚያ ዝናብ ቶሎ እንደማይመለሱ አውቅ ነበር፣ እሳቸውም ያውቃሉ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ቁልፉን ጨብጬዋለሁ፣ ጥርሱ መዳፌን ይወጋኛል። ሰኞ እንግዶቹ ፊት የተቀደደ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ግምገማ፣ ከዚያ «ማን ነካው?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ቆርቆሮው ላይ ያለው ሰው አልታየኝም።

እትዬ የሺ አልጮኹብኝም። ቁልፉን ከእጄ ሊነጥቁም አልሞከሩም። «እኔ ወደ ፖሊስ ጣቢያ እሮጣለሁ፣ መስመሩን ያዝ» ብለው ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው ወጡ። ጣቢያው የሁለት ፌርማታ መንገድ ነው። ከመስኮት አየኋቸው፣ ያ ሁሉ ጎርፍ ውስጥ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሮጣሉ።

እሳቸው ሄደው ሳለ ጋሽ ሁሴን ሦስት ጊዜ ጠሩ። «የሺ፣ አደረስሽ ወይ?» ሦስቱንም ጊዜ «ጠብቁ» ብዬ መለስኩ። ቁም ሳጥኑ ከጀርባዬ ነበር። በአራተኛው ጊዜ ድምፃቸው ተለውጦ መጣ። «ተወው። ቆርቆሮው ሄደ።»

እትዬ የሺ ጣቢያው ደርሰው መልእክቱ በጣቢያው ሬዲዮ ማዶ ላሉት ፖሊሶች ሲተላለፍ ሰዎቹ ወዲያው ወርደዋል። ጎጆዋ ግን አልነበረችም። የጠባቂውን አስከሬን በማግሥቱ ከታች አገኙት።

ሰኞ ሬዲዮው ተመረቀ። ፕላስቲኩን እንግዶቹ ፊት የላጥኩት እኔ ነኝ። ለፖሊሱም ለአምቡላንሱም በየመስመራቸው ሰላምታ አቀረብኩ፣ ሁሉም ጥርት ብለው መለሱ። ተጨበጨበ። እትዬ የሺ ከኋላ ቆመው ነበር፤ እሳቸውም ከሰው ጋር አጨበጨቡ፣ ሬዲዮውን ሲጠብቁት ኖረዋልና።

ረቡዕ ግምገማ ተጠራ። አጀንዳው መልእክቱ ለምን ዘገየ የሚል ነው። ገና ሲጀመር አንዱ ተነስቶ «ኦፕሬተሯ የሥራ ገበታዋን ጥላ ወጥታለች» አለ። ሌላው ቀጠለ። ከዚያ ኃላፊው እኔን አዩኝ።

«አዲሱ ሬዲዮ ዝግጁ ነበር ወይ?»

«ዝግጁ ነበር።»

«ወይዘሮ የሺመቤት ጠይቃህ ነበር?»

ትንሽ ቀና ብዬ አየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ይወለውላሉ። «አልጠየቁኝም» አልኩ። ይህ አንሶኝ ነው መሰል፣ «በድሮው አሠራር ስለለመዱ በአዲስ ቴክኖሎጂ ላይ እምነት የላቸውም» ብዬ ጨመርኩበት። ለዚያች ሬዲዮ ማመልከቻ ሲጽፉ ዓመታት የገፉትን ሴት ነው እንዲህ ያልኩት። ማመልከቻዎቹን ያዩ ሰዎች እዚያው ተቀምጠዋል፣ አንዳቸውም አልተነፈሱም።

ቃለ ጉባኤ ያዡ የጻፈውን አነበበ። «ወይዘሮ የሺመቤት አዲሱን ሬዲዮ እንዳልጠየቁ አቶ ታምራት ገልጸዋል።» ቀና ብሎ «ልክ ነው?» አለኝ። እትዬ የሺ መነጽራቸውን ሰክተው አዩኝ። መልእክት ልከው መልስ ሲጠብቁ የሚያዩት ዓይነት አስተያየት ነበር።

«ልክ ነው» አልኩ።

የሚሉት ካለ ተጠየቁ። «እኔ ለሰውየው አልደረስኩለትም። የምጨምረው የለኝም» ብለው ተቀመጡ።

መዝገብ ቤት አዛወሯቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ አቧራ የጠገበ ፋይል ሲያገላብጡ ኖሩ። ወንበሩ ለእኔ ተሰጠ። እርሳሱን ከነሲባጎው ትተውልኝ ሄዱ። በኮሪደር ስንገናኝ «እንዴት አደርክ ታምራት» ይሉኛል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ከሰላምታው በኋላ ግን ወዲያው አያልፉም፤ ቆም ብለው ዝም ይላሉ። ሬዲዮ ላይ አንዱ ተናግሮ ቁልፉን ሲለቅ ለሌላው ተራ እንደሚሰጠው ማለት ነው። እኔ ያን ዝምታ መሸከም አልቻልኩም። «ሥራ አለብኝ» እያልኩ እሸሻለሁ። ኋላማ ድምፃቸውን ስሰማ በሌላው ደረጃ መውረድ ጀመርኩ። ጡረታ የወጡ ቀን ለሽኝታቸው ከተዘጋጀው ለስላሳና ኬክ ቀርቼ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ያለው ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ ተኛሁ።

ቀብሩን እንደዚያው ሸሸሁት። በሦስተኛው ቀን ግን ጋሽ ሁሴን ደወሉና «አላየሁህም» አሉኝ። ያን ዕለት ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ።

ድንኳኑ በሁለት ብሎኮች መሀል ተተክሏል። ጋሽ ሁሴን ነጭ ቆባቸውን አድርገው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። የእትዬ የሺ ልጅ ሰብለ ጥቁር ለብሳ ልትጨብጠኝ መጣች። እኩያዬ ናት፣ አስተማሪ ናት፣ ዓይኗ የእናቷ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት። «አሜን» ብላ እጄን እንደያዘች አልሄደችም። ዝም አለች። ያንን ዝምታ አወቅኩት።

«ሰብለ» አልኩ፣ «የምነግርሽ ነገር አለኝ። ለእናትሽ ነበር መንገር የነበረብኝ።»

«የምትነግራት እንዳለህ ታውቅ ነበር» አለች። «እኛ ስንናደድ፣ ‹ለምን አትናገሪም? ለምን ስምሽን አታጠሪም?› ስንላት፣ ‹የታምራት መልእክት የታምራት ነው። የሰው ሁሉ መልእክት አስተላልፌአለሁ፣ የእሱን ግን ራሱ ያድርሰው› ትለን ነበር። መዝገብ ቤት በነበረችበት ጊዜ ሁሉ ትጠብቅህ ነበር። እኔ እቀበልሃለሁ፣ ተናገር።»

ለቀስተኛው ያወራል፣ ውጭ አንድ ሚኒባስ ጡሩንባ ይነፋል። እንደ ምንም አልኩት፤ ስጨርስ እሺ ብላ እንድትተወኝ ከልቤ ተመኘሁ። እሷ ግን የእናቷ ልጅ ናት። ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ቃል ሳትጨምር፣ ቃል ሳትውጥ ደገመችው።

«‹እትዬ የሺ ሬዲዮውን ጠይቀውኛል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። አልሰጥም ብዬ ሰው ሞተ። ከዚያ አልጠየቁኝም ብዬ ዋሸሁ።›» አየችኝ። «ልክ ነው?»

በአካባቢያችን የተቀመጡት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመዋል።

«ልክ ነው» አልኩ።

ጋሽ ሁሴን ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሬዲዮውን ነገር በቃለ ጉባኤው መሠረት ሲያምኑ ኖረዋል። «ያን ቀን» አሉ፣ «ሦስት ጊዜ ስጠራ ‹ጠብቁ› ያልከኝ ቁልፉን ይዘህ ነው?»

«አዎ ጋሽ ሁሴን። ሦስት ጊዜ ‹ጠብቁ› ስልዎ ቁልፉን ይዤ ነበር።»

እሳቸው ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱና ማዶ ካለው አግዳሚ ሄደው ተቀመጡ። ሰብለ አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥታ ፊቴ አስቀምጣ ወደ ሌሎች እንግዶች አለፈች። ጋሽ ሁሴን የተነሱበት ቦታ ላይ እስከ ማምሻው ማንም አልተቀመጠም፤ እኔም ከአጠገቡ አልተነሳሁም።